ጉድጓድ የቆፈረው መምህር

ኤሊሳራ ወደ ሞቱላሎ ደሴት በመጣ ሰሞን ስለ ዮርዳኖስ ወንዝ ሰበከ። ስብከቱ እንዳለቀ ፉናሊ የምትባል ጎረቤቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣

«መምህር፣ ወንዝ ምንድን ነው?» አለችው።

«ውኃ ነው። ከተራራ ወርዶ ወደ ባሕር የሚሄድ፣ የሚጠጣ ውኃ።»

«ቀን ቀን ነው የሚሄደው?»

«ቀንም ሌሊትም።»

«ታዲያ አያልቅባችሁም?»

ኤሊሳራ የተወለደው ሳሞአ ውስጥ፣ ከተራራ ሥር፣ ወንዝ ሲያጉረመርም በሚያድርበት መንደር ነው። ወንዝ ለምን እንደማያልቅ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም ነበር። እዚህ፣ ተራራም ወንዝም በሌላት፣ ከነጭ አሸዋና ከባሕር ድንጋይ በቀር ይህ ነው የሚባል አፈር እንኳ በሌላት ደሴት ላይ አንዲት ሴት ቆማ ስትጠይቀው፣ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገረመው። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለማካሌታ፣ «ወንዝ እኮ ተአምር ነው» አላት።

«ይህን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጥነው?» አለችና ሳቀችበት።

ሞቱላሎ ትንሽ ናት። በምሥራቁ ዳርቻ ያነጠሰ ሰው በምዕራቡ ዳርቻ «ይማርህ» ይባላል። በአንድ ወገኗ ሞገድ ሲፈርስ የሚውልበት ታላቁ ባሕር አለ፤ በሌላው ወገኗ እንደ መስተዋት የረጋው የውስጡ ባሕር። ሰው ሁለቱን እየሰማ ይተኛል፤ አንዱ ሲጮህ፣ ሌላው ሲያንሾካሹክ። የሚስዮኑ መርከብ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ነጩን ሚስዮናዊ ያወርዳል፤ መጻሕፍትና ጨርቅ ያራግፋል፤ ከሳሞአ የመጣውን መምህር ወይ ይለውጣል ወይ ይተወዋል፤ ከዚያ ከአድማሱ ጀርባ ይሰጥማል። የቀረው ጊዜ የኤሊሳራ ነበር።

እሱም ደስ ብሎት ኖረበት። ጎህ ሲቀድ ትልቁን የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ይነፋል። ረፋዱን ልጆቹን በከሰል ፊደል ያስጽፋል። ማካሌታ ሴቶቹን ስፌት ታስተምራለች፤ እነሱ ደግሞ ሰሌን አሠራሯን ያርሙባታል፣ የሳሞአ አጎነጓጐን ልል ነው እያሉ። ስብከቱንም ቀስ በቀስ ለደሴቲቱ አበጃጀው። ስለጠፋችው በግ ሊሰብክ ሲነሣ በግ ያየ ሰው አለመኖሩ ትዝ አለውና በባሕር ኤሊ ቀየራት። ምእመናኑ በጣም ወደዱት፤ ከጸሎቱ በኋላ ግን ያች የተገኘችው ኤሊ ተበላች ወይስ አልተበላችም በሚለው ላይ እስኪመሽ ተከራከሩ። አመሻሽ ላይ ከየቤቱ መዝሙር ሲነሣ፣ አንዱ ቤት የጀመረውን ሌላው ሲቀበል፣ ኤሊሳራ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ዓይኑ እንባ ይሞላል፤ ማካሌታ አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

ወፈረም። መምህሩ መወፈሩ የደሴቲቱ ኩራት ነበር። በሞቱላሎ መምህር አያጠምድም፣ አይቆፍርም። ታንኳ ከባሕር ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ዓሣ የእሱ ነው። ከየቤቱ በተራ በቅጠል የተጠቀለለ ምግብ ይመጣለታል፤ ከምግቡም ሁሉ ትልቁ ፑላካ ነው፤ የጎደሬ ታላቅ ወንድም ልንለው እንችላለን፤ ሥሩ የሰው ጭን የሚያህል። ፑላካ ዝም ብሎ አይበቅልም። ሰው አሸዋውንና ድንጋዩን ከቁመቱ በላይ ቆፍሮ፣ ከደሴቲቱ ሥር በጨው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖረው የሚጠጣ ውኃ ጋ ይደርሳል። እዚያ ውስጥ ይተክለዋል፤ በተክሉ ዙሪያ ሰፌድ የመሰለ ቀለበት ጎንጉኖ ለዓመታት በበሰበሰ ቅጠል ይመግበዋል። የትኛው ቅጠል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ የየቤቱ ምሥጢር ነው፤ አማች እንኳ አይነገረውም። ጉድጓድ ያለው ሰው የደሴቲቱ ሰው ነው። ጉድጓድ የሌለው ወይ ልጅ ነው፣ ወይ እንግዳ።

ኤሊሳራ እንግዳ ነበር፤ በዚህም ቅር ብሎት አያውቅም። ዝናብ እስከቀረበት ዓመት ድረስ።

ዝናቡ ሲቀር መጀመሪያ፣ ፍሬው ተጠብሶ እንደ ዳቦ የሚበላው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቅጠሉን አረገፈ። ቀጥሎ ኮኮናቱ ጡጫ እያከለ ይወድቅ ጀመር። በየጉድጓዱ ያለው ውኃ ጎደለ፣ ጨው ጨው አለ፣ የፑላካው ቅጠል ከዳር ዳር ቢጫ ሆነ። የመምህሩ ምግብ ግን እንደ ድሮው በሰዓቱ ይመጣል። አንድ ረፋድ የፉናሊ ልጅ በቅጠል የተጠቀለለውን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ሄደች። ኤሊሳራ ፈታው፤ ጥሩ ፑላካ ነበር፣ ትኩስ። ቀና ሲል ደግሞ በፉናሊ ቤት ሁለቱ የልጅ ልጆቿ ፓንዳነስ የሚባለውን የአሸዋ ዛፍ ሥር እየቆረጡ ሲያኝኩ አየ። ያኝኩና ጭማቂው ሲያልቅ ይተፉታል፣ ሌላ ይቆርጣሉ። ምሳቸው እሱ ነበር።

«አልበላውም» አለ።

«ብላ» አለች ማካሌታ። «ባለፈው ዓሣውን የመለስክ ጊዜ ምን እንደሆነ ረሳኸው?»

አልረሳውም። ዓሣውን «ለልጆቹ ይሁን» ብሎ ሲመልስ፣ ያመጣው ሰው ዓሣው ሸቶ እንደሆነ ጠየቀው፤ ማታውን ደግሞ አዲስ ሊያጠምድ በማዕበል ወጣ። ኤሊሳራ ፑላካውን በላው። በማግሥቱ፣ ወንዶቹ ባሕር ላይ፣ ሴቶቹ ከፀሐይ ሸሽተው ጋደም ባሉበት ሰዓት፣ የተሳለ እንጨትና የኤሊ ቅርፊት ይዞ ወደ ደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ሄደ። ከቁጥቋጦው ጀርባ መቆፈር ጀመረ። የራሱን ፑላካ ቢያበቅል ቢያንስ አንድ ቤት ያርፋል ብሎ ነው። መጽሐፍ ይዞ ለጸሎት የሚሄድ እየመሰለ ሄዶ፣ አሸዋ በአሸዋ ሆኖ ይመለሳል። ማካሌታ ልብሱን ስታራግፍ፣ «ምን ዓይነት ጸሎት ነው ይሄ?» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። በድካሙ ውስጥ አንድ የሚያስደስት ነገር ነበረው፤ ከልጅነቱ ወዲህ እጁ ምድር ነክቶ አያውቅም።

እሑድ መጣ። ኤሊሳራ ሰበከ፣ ጸለየ፣ በመጨረሻም ለቡራኬ ሁለት እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። ያን ጊዜ ሁሉም አዩት። መዳፎቹ ውኃ ቋጥረው፣ የቋጠረው ፈንድቶ፣ ቀልተዋል። ፊት ለፊት የተቀመጠው የደሴቲቱ አለቃ ሽማግሌው ቴኮኔ መዳፎቹን እያየ ፊቱ ቀስ ብሎ እንደ ድንጋይ ሆነ። የሰው እጅ እንዲህ የሚሆነው በአንድ ሥራ ብቻ ነው። ቡራኬው ሲያልቅ «አሜን» ያለ ጥቂት ሰው ነው። የወጡት እርስ በርስ ሳይተያዩ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ማካሌታ በሩን ስትወጣ እግሯን የምታሳርፍበት አጣች። ደጁ በምግብ ተሞልቷል። ፑላካ፣ ገና ያልደረሰ፣ ከተክሉ ተነቅሎ የመጣ። የደረቀ ዓሣ። ለክፉ ቀን ተቀብሮ የነበረ የዳቦ ፍሬ። ለዘር የተቀመጠ ኮኮናት ሳይቀር። የማንም ሰው ድምፅ ሳይሰማ መጥቶ የተቀመጠ ነው። ኤሊሳራ ወጥቶ አየው። ማንም ባይነግረውም ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ገባው። እሱ ሸክም ላቃልል ብሎ ነበር፤ እነሱ ግን የሰሙት መምህራቸው በአደባባይ «አስራባችሁኝ» ሲል ነው። አሁን ደግሞ አለመራቡን ለማሳየት ያላቸውን ሁሉ አምጥተው ከመሩበት፤ እነሱ ምን ሊበሉ ነው?

አመሻሽ ላይ ፉናሊ መጣች። አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ እኔ ወሬ አላመላልስም» አለች፤ ከእሷ በቀር ወሬ የሚያመላልስ ደሴቲቱ ላይ ባይኖርም። «ግን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። መርከቡ ሲመጣ ለነጩ ሊነግሩት ነው።»

«ምን ብለው?»

«ልናበላው አልቻልንም፤ የሚያበላው ደሴት ፈልግለት ብለው።» ቀና ብላ አየችው። «ለመሆኑ ምን ጎደለብዎት? ዓሣው አነሰ? ይንገሩኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ ስትጠቀልል አሳነሰችብዎት?»

«ምንም አልጎደለብኝም ፉናሊ።»

«ታዲያ ምነው ጉድ አደረጉን» ብላ ሄደች።

ኤሊሳራ ብዙ ደሴቶች ያያል ተብሎ የተማረ ሰው ነው። ሂድ ሲሉት መሄድ ነው ሥራው። ያን ምሽት ግን የመዝሙሩ ሰዓት ሲደርስ ከአንድም ቤት መዝሙር አልተነሣም፤ ሞገዱ ብቻ ለብቻው ይጮሃል፤ እሱም ከዚህ መነቀል እንደማይችል አወቀ። ለማካሌታ ሊነግራት ዞር ሲል እሷ ሣጥኗን ከፍታ ነበር። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ ለሠርጓ ከአያቷ የተሰጣትን ጥሩ ሰሌን አወጣች። እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ዳርና ዳሩ በቀይ የወፍ ላባ ያጌጠ፣ ሴቶች ለዓመታት የጎነጎኑት ሰሌን ነው።

«እንደ አገራችን አድርገው» አለችው። «ሌላ ምን እናውቃለን?»

በሳሞአ የበደለ ሰው ጎህ ሳይቀድ ሄዶ፣ ጥሩ ሰሌን ከራሱ ላይ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበደለው ሰው ደጅ ይቀመጣል። አይናገርም። የተበደለው ወጥቶ ሰሌኑን ካነሣለት ምሕረት ሆነ ማለት ነው። ኤሊሳራ በልጅነቱ አንዴ አይቷል፤ አንድ መንደር ሙሉ ሰው እንደ ድንጋይ ክምር ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያለቅስ። ከዚያ የበለጠ ቃል በምድር ላይ እንደሌለ ያምን ነበር። እናም ሊነጋ ሲል ሄደ፤ በቴኮኔ ደጅ ተቀመጠ፤ ሰሌኑን ተከናነበ።

ያልገመተው አንድ ነገር ነበር። ሞቱላሎዎች ይህን ነገር ጨርሶ አያውቁትም።

ቴኮኔ ወጣ። ኤሊሳራ ከውስጥ ሆኖ የእግሩን ኮቴ ሰማ። ኮቴው ቆመ፣ በዙሪያው አንድ ጊዜ ዞረ፣ ከዚያም ወደ ታንኳው ሄደ። የታንኳው ድምፅ በአሸዋው ላይ ተጎተተና ጠፋ። ቀስ በቀስ ሴቶች ተሰበሰቡ።

«ሰሌኑን እያሰጣው ነው» አለች አንዷ።

«ሰው ከሥሩ ሆኖ?»

«የሳሞአ ሰሌን እንደዚያ ይሆን እንደሆነስ?»

«አመመዎት መምህር?» የፉናሊ ድምፅ ነበር፤ ቅርብ፣ ጆሮው ሥር። ኤሊሳራ አልመለሰም፤ ማለዳ የገባው ዝምታ ሰሌኑ እስኪነሣ አይፈታም። «አይሰማም» አለች ፉናሊ ለሌሎቹ። «ወይም ይጸልያል። ባለፈው ጊዜም እየጸለየ ነው ብለን ሲቆፍር ነበር፤ እስቲ ከሥሩ እየቆፈረ እንደሆነ እዩ።» አንዷ ጎንበስ ብላ የሰሌኑን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አሸዋውን አየች። «አይ፣ አልቆፈረም» ብላ መለሰችው። ሌላዋ ውኃ የያዘ የኮኮናት ቅርፊት አጠገቡ አስቀመጠች። በእንዲህ ያለ ዓመት ያን ያህል ውኃ። ኤሊሳራ በሰሌኑ ቀዳዳዎች የውኃውን ብልጭታ እያየ ዋለ፤ አልነካውም።

ፀሐይዋ ከአናቱ ላይ ወጣች። ማካሌታ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆና ሁሉንም ታያለች። ገብታ ብታስረዳቸው በወደደች፤ ነገር ግን ይቅርታ የሚለምን ሰው ይቅርታውን አስተርጓሚ ሲያስረዳለት እፍረቱ እጥፍ እንደሚሆን ታውቃለች። ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች።

ከቀትር በኋላ ታንኳው ተመለሰ። ቴኮኔ ዓሣውን ለሚስቱ ሰጠ፤ እጁን ታጠበ፤ መጣና ቆመ። «እስካሁን?» ሲል ኤሊሳራ ሰማው። ከዚያም የሰሌኑ ጠርዝ ከፍ አለ። ሰሌኑ ግን አልተነሣም። ሽማግሌው ተንበርክኮ፣ እያለከለከ፣ ወደ ውስጥ ገባና አጠገቡ ተቀመጠ። ጠርዙንም ከኋላው መልሶ አስተካከለው።

«እዚህ ውስጥስ ይሞቃል» አለ። ጥቂት ጠብቆ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከማን ነው የምንደበቀው?» ሲል ጠየቀ።

የተበደለው ሰው ራሱ ከሰሌኑ ሥር ከገባ ምን እንደሚደረግ ለኤሊሳራ የነገረው ሽማግሌ የለም። ተናገረ።

«አልተደበቅሁም። ይቅርታ እየለመንኩ ነው።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

«እኔ እኮ ባሕር ላይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰሌኑ ምን ይሠራል ታዲያ?»

«በአገራችን የተበደለው ወጥቶ ሰሌኑን ካነሣው ይቅር አለ ማለት ነው።»

«ካላነሣውስ?»

«የፈለገውን ያደርጋል። ድሮ በዱላ አናቱን ይሉት ነበር።»

ቴኮኔ አሰበበት። «እና ከንጋት ጀምሮ አናትዎን የምልዎትን ዱላ ሲጠብቁ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓሣ አልነክስልኝ ብሎ ስሳደብ ነበር» አለ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ሰሌኑን አንቀጠቀጠው። ከውጭ ፉናሊ፣ «ኧረ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» ስትል ተሰማ።

ሳቁ ሲያባራ የሽማግሌው ድምፅ ሌላ ሆነ።

«የሳሞአን አላውቅም፤ የእኛን ልንገርዎት። የመጀመሪያው መምህር ሲመጣ የተቀበለው አባቴ ነው። ከአፋችን ከፍለን እናበላሃለን አለው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስናበላ ኖርን። እርስዎ ጉድጓድ ሲቆፍሩ መርከብ ለሚያልፍበት ባሕር ሁሉ ምን ብለው እንደተናገሩ ያውቃሉ? ቴኮኔ እንግዳውን አስራበ ብለው ነው። እኔ ስሞት ምን ይዤ ወደ አባቴ ልሂድ?»

«ዘግይቶ ነው የገባኝ።»

«ለምንስ አደረጉት?»

«የፉናሊ የልጅ ልጆች የፓንዳነስ ሥር ሲያኝኩ አየሁ። የእነሱ ፑላካ እኔ ፊት ነበር።»

«የሰው ማዕድ ማየት ነውር እንደሆነ በሳሞአ አይነገርም?»

«ቤቷ ግድግዳ የለውም።»

«እሱስ የማንም ቤት የለውም» አለ ሽማግሌው።

«ወደ ሌላ ደሴት ብትልኩኝ እዚያም ያበሉኛል» አለ ኤሊሳራ። «እዚያም የሆነ ልጅ ሥር ያኝካል። ይኼ አይለቀኝም። አባቴ፣ እባክዎን እንግዳ መሆኔ ይቅር። እዚሁ ልቅርና እንደናንተ እየቆፈርኩ ልብላ።»

«የምትለውን ታውቀዋለህ?» ቴኮኔ ወደ እሱ ዞረ፤ በሰሌኑ ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ፊቱን እንደ ዓሣ ቅርፊት አዥጎርጉሮታል። «ጉድጓድ ያለውን ሰው ማንም አያበላውም። ፑላካህ ቢሞት ትራባለህ። የበዓል ቀን ሥርህን ነቅለህ ከሰው ሁሉ ፊት ታመጣለህ። ሰው ያየዋል። ይናገርበታል። እኛ ሰው ላይ አፋችንን ስንከፍት ደግሞ አታውቀንም፤ እስከ ዛሬ አክብረንህ ነው።»

«ልስማው።»

«የቆፈርከውንም ሄጄ አይቼዋለሁ። ለባሕሩ ተጠግተህ ነው የቆፈርከው፤ ውኃው ሁሉ ጨው ነው። አንድ ፍሬ ልጅ እንኳ እዚያ አይቆፍርም። ምኑን ነው ያስተማሩህ እዚያ ትምህርት ቤት?»

ኤሊሳራ ከመጣ ጀምሮ በዚህ ደሴት እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። ደስ አለው።

«ኧረ እኔስ ሞቀኝ» አለ ቴኮኔና ሰሌኑን ከሁለቱም ላይ ገፍፎ ጣለው።

ብርሃኑ ወረደባቸው። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው አዩአቸው። ከዛፉ ሥር ማካሌታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ኤሊሳራም አሸዋው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ያለቅሳል።

«ምነው? ምን አደረግኋችሁ?» አለ ቴኮኔ ደንግጦ።

«ሰሌኑን አነሡት» አለ ኤሊሳራ።

ሽማግሌው ሰሌኑን አየ፤ የራሱን እጅ አየ። «ይኼ ይቆጠራል እንዴ? ሞቆኝ እኮ ነው።»

«ይቆጠራል።»

«እንግዲያው ይቆጠር» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «አስቤበት ነበር በሉ።»

ሽማግሌዎቹ ማታውን ተቀመጡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ መምህር ባለ ጉድጓድ ሆኖ አያውቅም። በመጨረሻ ግን ከመንደሩ ጀርባ፣ ከሁለቱ ባሕሮች እኩል ራቅ ያለ ቦታ ለኩለት። ቆፋሪው ብዙ ሆነ፤ አንድ ሰው ብቻውን ጉድጓድ አይጨርስም። ወንዶቹ ድንጋዩን ሲነቅሉ ሴቶቹ አሸዋውን በቅርጫት እየተቀባበሉ አወጡ። ኤሊሳራ ከታች ነበር። አንድ ቀን በእግሩ ጣቶች መካከል ቀዝቃዛ ነገር ሲመጣ ተሰማው። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ቀዳና ቀመሰ። ጣፋጭ ነበር። ከላይ እስከ ታች በጨው ባሕር በተከበበች ምድር፣ በዚያ ሁሉ ድርቅ፣ ከእግሩ ሥር የሚጠጣ ውኃ ቀስ ብሎ ወጣ። ቀና ብሎ ቆመ።

«ምን ቆመሃል?» አለችው ፉናሊ ከላይ። «ውኃ አይተህ አታውቅም? ቅርጫቱን ሙላው።»

ለሥራው የመጣውን ሰው ደግሞ ደጁ ላይ ተከምሮ በነበረው ምግብ አበሉት። ለዘር የተቀመጠው ኮኮናት ወደየባለቤቱ ተመለሰ፤ አሁን መመለሱ የሚያስቀይም አልነበረም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሰጠ ነው። ዝናቡም ከብዙ ሳምንታት በኋላ መጣ፤ ሕዝቡ እየጮኸ ወጥቶ አፉን ወደ ሰማይ ከፈተ።

መርከቡ ሲደርስ የኤሊሳራ ተክሎች ሦስተኛ ቅጠላቸውን ገና እየዘረጉ ነበር። ነጩ ሚስዮናዊ፣ ቀጭንና ደግ ሰው፣ መምህሩን አይቶ ደነገጠ። ጠቁሯል፣ ሆዱ ሄዷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አለው።

ቴኮኔ የተባለውን ሲያስተረጉሙለት ራሱን ቀና አደረገ። «ራሱ ነው የከሳው» አለ። «እኛ የለንበትም።»

ነጩ ሰው ሊያዛውረው አስቦ እንደመጣ ነገራቸው። ሰፋ ያለ ደሴት አለ፤ የድንጋይ ቤተ ጸሎት ያለው፣ አገልጋይ የሚፈልግ። ማካሌታ እጇን በጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ኤሊሳራ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ከመካከላቸው «ልናበላው አልቻልንም» ሊል ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው ቢኖር፣ አሁን መምህሩን የሚያበላው ማንም ስለሌለ የሚለው አልነበረውም።

«አይሄድም» አለ ቴኮኔ። «ተክሉ ገና ትንሽ ነው።»

«ተክሉን ሌላ ሰው ሊንከባከብለት ይችላል» አለ ነጩ ሰው በትሕትና።

ሸንጎው ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ያለውን በክርኑ ጎሰመው። ፉናሊ ከኋላ፣ «የሰው ጉድጓድ ውስጥ?» አለች፤ ሰው ሚስቱን ለሌላ አስጠብቅ የተባለ ያህል።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ነጩ ሰው ለኤሊሳራ።

«ቅጠል ሳልሰበስብ ነው የመጣሁት» አለ ኤሊሳራ። «ሳይመሽ ልሂድ ብል ይፈቀድልኛል?»

ነጩ ሰው አንዱን ካንዱ እያየ ቆየና የያዘውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስለሱ ብዙ ነገር ይባላል፤ ያን ቀን ግን የማይገባውን ነገር ሳይገባው ማክበር ችሏል።

ኤሊሳራ ቀረ። የመመገቡን ምሥጢር ማንም አልነገረውም። ሲጠይቃቸው አንዱ የአንዱን ዛፍ ቅጠል ይጠቁመዋል፣ ሌላው ያን ከተጠቀምክ አለቀልህ ይለዋል፤ ሁሉም የሚዋሹት በፈገግታ ነው። ከብዙ ሙከራ በኋላ ማካሌታ የራሷን አገኘች። ምን ከምን እንደቀላቀለች ሲጠይቃት፣ «አንተ ፊትህ ላይ ነገር አይቆይም፤ እሑድ ትሰብከዋለህ» ብላ አልነገረችውም።

ተክሉ ሊደርስ ዓመታት ወሰደበት። በመጨረሻ በዓሉ ሲደርስ፣ ወንዶቹ በመሎጊያ ለሁለት እየተሸከሙ የፑላካ ሥሮቻቸውን ሲያመጡ፣ ኤሊሳራም የራሱን አመጣ። አቅፎ ነው ያመጣው፤ ከክንዱ ብዙም አይበልጥም። ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጠውና ቆመ። ሳቁ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጫፍ ደረሰ። ቴኮኔ፣ አሁን በምርኩዝ የሚሄደው፣ መጥቶ በጫፉ ነካ ነካ አደረገው።

«ይኼ ሥሩ ነው ወይስ ተረከዝህ?» አለው።

«መምህር» አለች ፉናሊ፣ «ስትሰብክ የምትደክመውን ያህል በዚህ ብትደክም ኖሮ እኮ ይሄኔ ሁለት ቤት ትቀልብ ነበር። ለማን ልታበላው ነው? ለሸርጣን?»

«ላንቺ ነው» አላት።

ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ በእጇ መዝና አፈሩን አራገፈችለት፤ ከዚያም ከሌሎቹ ሁሉ መካከል፣ ከትልልቆቹ አጠገብ አስገብታ አስተካከለችው። ሰውም ለመብላት ተቀመጠ፤ ኤሊሳራም ከሰዉ ጋር ተቀመጠ።